መካሪዋ መጀመሪያ የምታንኳኳው የወላጅን በር ነው

አንዲት ሴት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መርካቶ አካባቢ ባለ ሰፈር ቤት ለቤት ትዞራለች። ሰፈሩ የራሷ ነው። ቡና ጠጥታበታለች፣ ለቅሶ ደርሳበታለች፣ ልጆቿን አሳድጋበታለች። አንዱን በር ታንኳኳለች። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «እዚህ ቤት ስንት ልጆች አሉ?» ብላ ትጠይቃለች። «ሁለት። ሁለቱም ይማራሉ» ይሏታል። እሷ ግን ዓይኗ ወደ ጓዳው ነው። እዚያ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብላ ድስት ትፈትጋለች። «ይቺስ?» «ይቺማ ሠራተኛ ናት።»

ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ወሬ ውስጥ ነው። ሴትየዋ አትቆጣም። ሕግ አትጠቅስም። ቁጭ ብላ ታወራለች። «ከምሳ በኋላ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ሁለት ሰዓት ብቻ ልቀቂልኝ። እኔው ወስጄ እኔው እመልስልሻለሁ። የምትሄደው ቀበሌ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ፊደል ከለየች ለአንቺም ይጠቅምሻል፤ የሱቅ ሒሳብ አይሳሳትባትም።» አንዳንዷ አሠሪ በመጀመሪያው ቀን እሺ ትላለች። አንዳንዷ ጋ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል።

ወሬውን በዚህ መልክ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። አሠራሩ ግን ይኸው ነው። «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር፣ ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ ከየሰፈሩ ሴቶችን መለመለ። እነዚህ ሴቶች ከትምህርት ገበታ የራቁትን፣ ሰው ቤት የሚሠሩትን፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ዘንድ የተቀመጡትን ልጃገረዶች ቤት ለቤት ፈለጉ። ቀበሌዎች ክፍል በነጻ ሰጡ። ልጆቹ በሳምንት ለጥቂት ቀናት እየተሰበሰቡ ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ ተማሩ። ከሁሉም በላይ ግን ጓደኛ አገኙ። ሰው ቤት ያለች ልጅ ጓደኛ የላትም። ገበያ ስትላክ ከምታገኛት የጎረቤት ሠራተኛ ጋር የምትለዋወጣት ሁለት ቃል ናት ጓደኝነቷ። ባሕር ዳር ላይ በተደረገው ግምገማ ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩ ልጆች፣ ካልነበሩት ጋር ሲተያዩ፣ «ሲቸግረኝ የምሄድበት ሰው አለኝ» የማለት ዕድላቸው በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

መካሪ የምለው በእንግሊዝኛው «ሜንተር» የሚባለውን ነው። «አማካሪ» ሲባል ቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ ነው ትዝ የሚለን። መካሪ ግን ጎረቤትም ትሆናለች። ድሮም ቢሆን ለዚህ ሥራ ሰው አላጣንም። የክርስትና እናት አለች፣ አክስት አለች፣ «ልጄን ምከሩልኝ» ተብለው ቤት የሚጠሩ ሽማግሌ አሉ። አዲሱ ነገር ይህ ሥራ በፕሮግራም፣ በሥልጠናና በክትትል መሠራቱ ነው።

ስለ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ሲወራ ግን አንድ ሰው ተረስቶ ይቀራል። ፖስተሮቹን ተመልከቱ። አንድ ወጣትና አንድ ልጅ ኳስ ይዘው ይስቃሉ፣ ወይ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረው ያነባሉ። እናትየዋ ፎቶው ውስጥ የለችም። ልጁ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ስለ መካሪነት የተደረጉ ጥናቶችን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ይህ ነው። ውጤት ያመጣው አሠራር ብዙ ጊዜ በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል ያለፈው ነውና።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ለመሆኑ እዚያ ጓዳ ውስጥ ምን ወሰዳት? በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ ትምህርት ፍለጋ ነው። ሌላው ደግሞ «ሊድሩኝ ሲሉ ጠፍቼ» የሚል ነው። በሌሊት ተነስታ፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ቋጥራ፣ አውቶቡስ ላይ የወጣች ልጅ ናት። ስለዚህ የመርካቶዋን ልጅ ታሪክ ከሥሩ መረዳት የፈለገ ሰው ከአውቶቡሱ መነሻ መጀመር አለበት።

እዚያም መካሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማራ ክልል ሞሰቦ በሚባል የገጠር ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። የክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ከዚያው ከፖፑሌሽን ካውንስል ጋር ነው የጀመረው። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 የሆኑ ልጃገረዶችን ነበር የያዘው። በዚያን ጊዜ በክልሉ ግማሽ ያህሉ ሴቶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው የሚዳሩ ነበሩ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ግን አዲስ አበባ ወረቀት ላይ ነው። ሠርጉ ሞሰቦ ነው።

አንድ አባት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን ለምን ይድራል? ጨካኝ ስለሆነ የሚመስለው ሰው ገጠር አልኖረም። አባትየው ልጁን ይወዳል። ግን ይፈራል። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ብትጠለፍስ ብሎ ይፈራል። ክብሯ ቢነካ የሚያገባት አይኖርም ብሎ ይፈራል። እኔ ብሞት ማን ይሰበስባታል ብሎ ይፈራል። ከሁሉ የበለጠ አንዲት ቃል ይፈራል፦ «ቁሞ ቀር»። ቃሏ የምትወረወረው በልጅቷ ላይ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡን ሁሉ ነው የምትመታው። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተድረው የእሱ ብቻ ከቀረች ጥፋቱ የእሱ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጎጂ ነው» የሚል ፖስተር ምን ይሠራለታል? ፖስተሩ የሰፈሩን አፍ አይዘጋለትም።

ብርሃነ ሔዋን ያደረገው የሰፈሩን አፍ የሚዘጋ ነገር መስጠት ነበር። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ነገሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የወላጁን አንድ ፍርሃት ይነካል።

መጀመሪያ መካሪዎቹ የአካባቢው ሴቶች ነበሩ። ያላገቡት ልጆች ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ እየሆኑ በሳምንት አምስት ቀን ከእነሱ ጋር ይገናኛሉ። አስቀድመው የተዳሩት ደግሞ በሳምንት አንዴ። እናት ልጇ የት እንደዋለች፣ ከማን ጋር እንደዋለች ታውቃለች። መካሪዋ የእገሌ ሚስት ናት። ነገ ገበያ ላይ ታገኛታለች። ከከተማ በላንድክሩዘር መጥቶ በዚያው የሚመለስ ሰው ይህን እምነት በምንም ገንዘብ አይገዛውም።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ለምትሄደው ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለገበሬ ቤት ግን መስከረም ክፉ ወር ነው። እህሉ ገና አልተሰበሰበም፣ ጎተራው ተሟጧል፣ ያኔ ነው ትምህርት ቤት የሚከፈተው። ከሦስት ልጆች ለአንዱ ብቻ ደብተር መግዛት ከተቻለ ማን እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ የማኅበረሰብ ውይይት ነበር። አባቶች፣ እናቶች፣ የሃይማኖት አባቶች ይቀመጣሉ። ስለ ወባ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ጋብቻ ይነጋገራሉ። አንድ አባት ብቻውን «አልድርም» ቢል እብድ ይባላል። ሃያ አባቶች አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አብረው ሲሉት ግን የቀበሌው ደንብ ይሆናል።

አራተኛዋ ፍየሏ ናት። ፕሮግራሙ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ልጃቸውን ላልዳሩና ልጅቷም ፕሮግራሙን እንድትከታተል ለፈቀዱ ቤተሰቦች መጨረሻ ላይ አንዲት ፍየል ወይም በግ ይሰጣቸዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። «ወላጅ ልጁን ላለመዳር ጉቦ ይበላል እንዴ?» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የፍየሏ ዋጋ ከድግሱ ወጪ ጋር አይወዳደርም። ሀብታም የሚሆንባት የለም። ግን ጎረቤት «ምነው ልጅህን ሳትድራት?» ሲለው መልስ ትሆነዋለች። «ፍየሏን እየጠበቅን ነው» ይላል፣ ተስቆ ይታለፋል። በዚያች መልስ ልጅቷ ሁለት የትምህርት ዓመት ታገኛለች። በልጅነቷ ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ሰባተኛ ትደርሳለች። ዳሌዋ ሳይሰፋ ከመውለድ ትድናለች። በልጅነቱ የወለደ አካል ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የፊስቱላ ሆስፒታልን ደጅ ይጠይቅ።

ውጤቱስ? ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልነበረበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ግን አንድ ነገር ሳይነገር እንዲታለፍ አልፈልግም። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ጋብቻው አልቀነሰም። እንዲያውም በሞሰቦ በልጦ ታየ። ለእኔ የሚመስለኝ ጋብቻው ከትናንሾቹ ተገፍቶ ወደ ታላላቆቹ መሄዱ ነው። ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ ስድስት መገፋቱ ትልቅ ለውጥ ነው። የመጨረሻው ለውጥ ግን አይደለም።

ስለዚህ በኋላ ሌላ ሙከራ ተደረገ። ይሄኛው የበለጠ ጥንቃቄ የታየበት ነው። ነገሮቹን ለያይተው በተለያዩ ቀበሌዎች ሞከሯቸው። በአንዱ ውይይት ብቻ፣ በአንዱ የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ፣ በአንዱ ዶሮ ብቻ፣ በሌላው ሁሉም አንድ ላይ። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ በተሰጠበት፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድል 94 በመቶ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ደብተርና እስክሪብቶ! ሳያገቡና ትምህርታቸውን ሳይተዉ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ በተሰጠበት፣ ከ15 እስከ 17 ያሉት ዕድላቸው በግማሽ ቀነሰ። ለእነዚሁ ታላላቆቹ ሁሉም ነገር አንድ ላይ በቀረበበት ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። ለትናንሾቹ የወላጁን ኪስ መደገፍ ብቻውን ይበቃ ነበር ማለት ነው። ለታላላቆቹ ግን የሰፈሩ ጫና ይበረታልና ምክሩም፣ ውይይቱም፣ ዶሮዋም አብረው ያስፈልጋሉ።

ይሄ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። አሜሪካን አገር «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» የሚባል በዕድሜ የገፋ ድርጅት አለ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1904 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። የሕፃናት ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ኧርነስት ኮልተር ያ ሁሉ ልጅ ተከሶ ሲቀርብ እያየ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ወንድም የሚሆነው ሰው ይፈለግ ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ከ10 እስከ 16 ዓመት ያሉ 959 ልጆችን ይዞ፣ ግማሾቹን ወዲያው ከመካሪ ጋር አገናኝቶ፣ ግማሾቹን ወረፋ አስጠብቆ ለአሥራ ስምንት ወር ተከታተለ። መካሪ ያገኙት ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ አነሰ። ከትምህርት ቤት የቀሩበት ቀን በግማሽ ያህል ቀነሰ። እነዚህ ቁጥሮች በየስብሰባው ይጠቀሳሉ።

ብዙ የማይጠቀሰው ግን ለእኔ ትልቁ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጂን ሮድስና ባልደረቦቿ ያንኑ መረጃ እንደገና አገላብጠው አዩት። ጥያቄያቸው «ለውጡ በምን በኩል መጣ?» የሚል ነበር። ያገኙት ይህን ነው፦ የትምህርቱ መሻሻል አንድ ትልቅ ክፍል የመጣው ልጁ ከወላጁ ጋር ያለው ግንኙነት ስለተሻሻለ ነው። መካሪው ልጁን አናገረው። ልጁ ደግሞ ቤት ሲገባ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ተለወጠ። እናትየዋ ላይ ያለው እምነት ጨመረ። ከዚያ ነው ትምህርቱ የተቃናው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ያለ የእኛ ሰው ቤት ይሁን። እናት ጠዋት አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ ትሠራለች። አባት ታክሲ ወይም ኡበር ላይ ነው። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሐኪም ቤት አስተርጓሚው እሱ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ አንብቦ የሚነግራቸው እሱ ነው፣ ደብዳቤው ስለራሱ ክስ ቢሆንም። በዚህ ቤት ሥልጣን ተገለባብጧል። እናትየዋ ስትቆጣው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የሚል መልስ አፉ ላይ ይመጣል። እሷም ታውቀዋለች፣ ያማታል።

እዚህ ቤት አንድ ሰው ይገባል። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚችል፣ እዚያው ተምሮ ያለፈ፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ምን እንደሚሠራ፣ ለኮሌጅ ገንዘብ የሚሞላው ፋፍሳ የሚባለው ፎርም መቼ እንደሚሞላ ያውቃል። ለልጁ የሚሰጠው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አስጠኚ በሆነ ነበር። እሱ ግን ሌላም ነገር ያደርጋል። እናትየዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን ለእሷ ያነብላታል። ልጁ እያየ። «እማማ፣ ይሄን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት» ይላታል። ለልጁ ደግሞ እናቱ ከየት ተነስታ እዚህ እንደደረሰች፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ይነግረዋል። እናት ይህን ራሷ ስትነግረው ስብከት ነው። ሌላ ሰው ሲነግረው ታሪክ ይሆናል።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ የቤት ለቤት ፕሮግራም አለ፣ በኋላ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ጋ ደርሷል። አሠራሩን እወደዋለሁ። ቤት የምትመጣው ሴት የዚያው ሰፈር እናት ናት። ልጁን አታስተምርም። እናትየዋን ነው የምታለማምዳት። እናት ደግሞ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ለልጇ ታስተምራለች። የልጁ የመጀመሪያ አስተማሪ እናቱ ሆና ትቀራለች። ከአዲስ አገር ቋንቋ ጋር ለምትታገል እናት ይሄ ክብር ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ክፍል ልምጣ። መካሪነት ሊጎዳም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1939 ቦስተን አጠገብ ባሉት በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች አንድ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። ሪቻርድ ክላርክ ካቦት የተባሉ ሐኪም ናቸው ያቋቋሙት። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው አንዱን ለእርዳታ፣ አንዱን ለማነጻጸሪያ መደቧቸው። 506 ወንዶች ልጆች ነበሩ። እርዳታ የሚያገኙት ቤታቸው ድረስ የሚመጣ መካሪ፣ የትምህርት እገዛ፣ ሕክምና፣ የክረምት ካምፕ አገኙ። በአማካይ አምስት ዓመት ያህል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጆን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ፈልጋ ፈልጋ አገኘቻቸው። ከተረዱት ሁለት ሦስተኛው «ጠቅሞኛል» አሉ። መዝገቡ ግን ሌላ ተናገረ። ከአንድ በላይ ወንጀል የሠሩት፣ መጠጥ የተጠናወታቸው፣ ቀድመው የሞቱት፣ በተረዱት ወገን ይበዙ ነበር።

ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንዱ ግምት ካምፑ ነው። የሚያስቸግሩ ልጆችን አንድ ላይ ማኖር እርስ በርስ ማበላሸት ነው ይላል፣ ደጋግመው ካምፕ የሄዱት ላይ ጉዳቱ ጎልቶ መታየቱም ይህን ይደግፋል። ሌላው ግምት ጥገኝነት ነው። ልጁ ችግሩን የሚፈታለት ሰው ከውጭ እንደሚመጣ ለመደ። ከዚያ ሰውየው ቀረ። እኔ ከዚህ የምወስደው ቀላል ነገር ነው። ልጁ «ጠቅሞኛል» ማለቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። እኛ ጥሩ ሥራ እየሠራን እንደሆነ መሰማቱማ ጨርሶ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳት ቶሎ መቅረት ነው። በዚያው በቢግ ብራዘርስ መረጃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከመካሪያቸው ጋር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ብዙ ተጠቀሙ። ግንኙነቱ በጥቂት ወራት የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወረደ። ከመጀመሪያው ምንም ባያገኙ ይሻላቸው ነበር ማለት ነው።

ይሄን ጥናት ሳነብ ልቤ ተነካ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እናስጠና ነበር። እኔ ከደረሱኝ ልጆች አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ስንለያይ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ቅዳሜም ትመጫለሽ?» «እመጣለሁ» እለዋለሁ። ሁለት ወር ያህል ሄድኩ። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ፕሮጀክት መጣ፣ አንድ ቅዳሜ ቀረሁ፣ ከዚያ ሌላ። ልጁ ሱስ የለበት፣ ከትምህርት አልቀረ። አባቱ ግን ከቤት ወጥቶ የቀረ ልጅ ነበር። እናቱ ነግራኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሳይሰናበት እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር፣ እኔም ደገምኩለት። አንዴም እንኳ እናቱ ጋ ሄጄ «ከዚህ በኋላ አልችልም» አላልኩም። ብላት ኖሮ እሷ ለልጇ የምትነግረው ነገር ይኖራት ነበር።

ለዚህ ነው ምልመላ ላይ «ማን ፈቃደኛ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ማን ይቆያል?» የሚለው የሚሻለው። ተማሪና ሥራ ፈላጊ ወጣት ልቡ ንጹሕ ነው፣ ግን ነገ የት እንደሚሆን አያውቅም። ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያላት፣ ቤት ያላት፣ ልጅ ያሳደገች ሴት ግን የትም አትሄድም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን ሲመድብ ከዚያው ማኅበረሰብ የተገኙትን ነበር የመረጠው። ከቤት ቤት ተዞሮ ሥራ የሚሠራው በሚታወቅ ሰው ነው። ለመካሪዎቹ መጠነኛም ቢሆን ክፍያ መስጠት ተገቢ ነው የምለውም ለዚህ ነው። የድሃ ሴት ጊዜ በነጻ ይገኛል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። ያን ሰዓት እንጀራ ጋግራ ብትሸጥበት ታተርፍበት ነበር።

ከወላጅ በኩልም የሚመጣ ስጋት አለ፣ መናቅ የለበትም። አንዳንድ እናት ልጇ «እትዬ እንዲህ አለችኝ፣ እትዬ እንዲያ አለችኝ» ሲል ውስጧ ይከፋል። ልጄን ልትነጥቀኝ ነው ትላለች። አንዳንዷ ደግሞ ታፍራለች። መካሪ ሲመጣ «ልጅ ማሳደግ አልቻለችም» የሚባል ይመስላታል። ብልህ መካሪ ይሄን ቀድማ ታውቃለች። ምክር ከመስጠቷ በፊት ታማክራለች። «አንቺ ምን ታዪያለሽ? ምን ያስቸግርሻል?» ትላለች። አንዳንዴ የእናትየዋ ችግር ልጁ ሳይሆን የቤት ኪራዩ ሆኖ ይገኛል።

የደኅንነቱ ነገር ደግሞ ድርድር የለውም። የማይታወቅ ትልቅ ሰው ልጅን ለብቻው ይዞ መዋል የለበትም። የሚገናኙት ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይሁን፣ ወላጅ ሰዓቱንና ቦታውን ይወቅ፣ መካሪው ከመጀመሩ በፊት ማንነቱ ይጣራ። ወላጅን ያገለለ ፕሮግራም ለክፉ ሰው በር የከፈተ ፕሮግራም ነው።

ይሄ ሁሉ አሁን ለምን አሳሰበኝ? በአማራ ክልልም በሌሎችም አካባቢዎች በግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚዘጋው መማሪያ ክፍሉ ብቻ አይደለም። አባትየው «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ ለጎረቤት የሚመልሰው መልስ አብሮ ይዘጋል። ያቺ የድሮ ፍርሃት ተመልሳ ትመጣለች፣ ያውም በጦርነት ጊዜ። ሌላም አለ። ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ቤሩት የሄደች እናት ልጆቿን አያት ጋ ትታለች። ገንዘብ ትልካለች፣ በኢሞ ታወራቸዋለች። ሰባ ዓመት የሞላቸው አያት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ እንዴት ያሳዩ? ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይስ እንዴት ይወቁ? እነዚህ አያት ወቀሳ አይፈልጉም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ የምትል፣ ልጁንም እሳቸውንም «እንዴት ሰነበታችሁ» የምትል አንዲት ሴት ነው የሚፈልጉት።

ትልቅ ፕሮጀክት እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም እላለሁ። የውጭ ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ መኪናውም ይሄዳል። እድሮቻችን ግን አሉ። በኤድስ ክፉ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። እድር የትኛው ቤት አባት እንደሌለ ያውቃል፣ ራሱ ነው የቀበረው። የትኛዋ እናት የወር መዋጮ ሁለት ወር እንዳለፈባት መዝገቡ ላይ አለ። ከአባላቱ መካከል ጡረታ የወጣች አስተማሪ አትጠፋም፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ባልቴት አትጠፋም። አምስት ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው አሥር ልጆች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወር አንዴ ከወላጆች ጋር ቡና። የደብተር መግዣ ከመዋጮው ትንሽ ቢቆረስ ማንም የሚቃወም አይመስለኝም። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚያነሳው ሰው ነው የጠፋው።

ክፍልም አለ። በእኛ ሰፈር ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት የእድሩ ቤት ለቅሶ ከሌለ ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ቁልፉ ጸሐፊው ጋ ነው።